ፎርሚደብል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቦታው ማዋል፦ ከአነባበቡ እስከ ትርጉሙ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ፣ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ከውጭ በመጣ ኢሜይል ላይ፣ የኳስ ወዳጅ ደግሞ በእንግሊዝኛ በሚተላለፍ ጨዋታ ላይ ይህን ቃል ያገኘዋል። መዝገበ ቃላት ሲገልጥ «አስፈሪ» የሚል ፍቺ ይመጣለታል። ያንን ይዞ መጻፍ ሲጀምር ነው ነገሩ የሚበላሸው። ጅብ አስፈሪ ነው፤ ጨለማ አስፈሪ ነው፤ መጥፎ ሕልምም አስፈሪ ነው። ፎርሚደብል ግን ኃይል፣ ችሎታ ወይም ክብደት ስላለው የሚፈራውን ብቻ ነው የሚገልጸው። በፍርሃቱ ውስጥ አክብሮት አለ። በአማርኛ ስለ አንድ ሰው «የዋዛ አይደለም» ስንል የምናስበው ከ«አስፈሪ» ይልቅ ለዚህ ቃል ይቀርባል።

ከታች ያለው አካሄድ ቃሉን ከአነባበቡ ጀምሮ አረፍተ ነገር ውስጥ እስከማስገባትና ወደ አማርኛ እስከመመለስ ይወስዳል። የእንግሊዝኛዎቹን ምሳሌዎች በድምፃቸው በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል።

1. አጻጻፉንና አነባበቡን ያስተካክሉ

ፊደሎቹ አሥር ናቸው፦ ኤፍ፣ ኦ፣ አር፣ ኤም፣ አይ፣ ዲ፣ ኤ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኢ። ስህተት የሚበዛው ከዲ ቀጥሎ ባለው ፊደል ላይ ነው። ኤ መሆን ሲገባው ብዙ ሰው አይ ይጽፋል፤ በንግግር ድምፁ ስለሚዋጥ ጆሮ ብቻውን አይለየውም፤ «ፖሲብል»ን የመሳሰሉ ቃላት ደግሞ በአይ ስለሚጻፉ ያሳስታሉ። የመጨረሻዎቹ አራት ፊደላት ተነጥለው ሲነበቡ «ኤብል» የሚለውን፣ «የሚችል» ማለት የሆነውን ቃል እንደሚሰጡ ማስታወስ ይበቃል።

ሲነበብ አራት ክፍል አለው፦ ፎር፣ ሚ፣ ደ፣ ብል። ጉልበቱ የሚያርፈው ፎር ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ጉልበቱን ሚ ላይ አሳርፈው ፈሚደብል የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም በመዝገበ ቃላት ተቀባይነት አላቸው፤ አንዱን ይምረጡና በዚያው ይጽኑ።

አማርኛ ተናጋሪን የሚያስቸግረው መጨረሻው ነው። በአማርኛ ክፍለ ቃላቱን ሁሉ እኩል እየረገጥን ስለምንናገር ቃሉ «ፎር-ሚ-ዴ-ብል» ሆኖ ይወጣል፤ ዴ ላይ ሲረገጥ ደግሞ «ቴብል» (ጠረጴዛ) ከሚለው ጋር ይመሳሰላል። እንግሊዝኛ ሰሚ ቃሉን የሚለየው በጉልበቱ አቀማመጥ ስለሆነ «ምን አልክ?» ብሎ ያስደግማል። መፍትሔው ፎርን ከፍ አድርጎ ብሎ የቀሩትን ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ማንጠባጠብ ነው። ደ አጭር ነች፣ ብል ደግሞ ከቢ ወደ ኤል በቀጥታ ታልፋለች፤ መሐል ላይ አናባቢ አይጨመርም።

2. ፊት ለፊቱ የሚቆመውን ይፈልጉ

የዚህ ቃል ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ስትሮንግ የሚለው ቃል የነገሩን የራሱን ጉልበት ይናገራል፤ ማንም ባይኖር ድልድይ ስትሮንግ ነው። ፎርሚደብል ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፦ ባለኃይሉና ባለኃይሉን ሊገጥም፣ ሊያልፈው ወይም ሊስተካከለው የሚያስብ ሌላ። ያ ሌላው ወገን በአረፍተ ነገሩ ውስጥ ባይጠራም በአሳብ መኖር አለበት። ስለዚህ ቃሉን ከመጻፍዎ በፊት «ይህን ማን ይገጥመዋል? ሲገጥመውስ ቆም ብሎ ያስባል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ ቃሉ አይገባም።

በሀዋሳ አካባቢ ባሉ ነገሮች እንሞክረው። ሐይቁ ውስጥ ያለው ጉማሬ፦ ጀልባ ቀዛፊው ያየው እንደሆነ መንገዱን ይቀይራል፤ ግዝፈቱን ብቻ ሳይሆን የሚያደርገውንም ያውቃልና። ኤ ፎርሚደብል አኒማል ቢባል በትክክል ተቀምጧል። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ፍርፋሪ የሚጠብቀው አባ ኮዳስ? ትልቅ ነው፣ መልኩም አያምርም፤ ግን ልጆች እንኳ አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። ግዝፈት ብቻውን ፎርሚደብል አያሰኝም። የታቦር ተራራ መውጫም እንዲሁ፤ ጠዋት ጠዋት ለስፖርት የሚወጣበትን ኮረብታ ፎርሚደብል ማለት ቃሉን ማርከስ ነው። በአንጻሩ ደብረ ዳሞን ይውሰዱ፤ በገመድ እየተሳቡ ካልሆነ የማይወጣበት ገደል፣ ለማንም ጠላት ኤ ፎርሚደብል ባሪየር፣ ማለትም ብርቱ መከላከያ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 የእንግሊዝን ጦር የጠበቁባት መቅደላም እንደ ምሽግ ስትገለጽ ቃሉ ያምርባታል፤ ተወስዳም ቢሆን። ይህን ልብ ይበሉ፦ ፎርሚደብል የሆነ ነገር ሊሸነፍ ይችላል። «የማይበገር» ለማለት እንግሊዝኛ ኢንቪንሲብል የሚል ሌላ ቃል አለው። ፎርሚደብል የሚለው «መግጠሙ ቀላል አይደለም» ብቻ ነው።

ሩጫ ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር። ቴርጋት ተሸንፏል፤ ግን ኤ ፎርሚደብል ራይቫል ለመባል ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ኃይሌን እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ያስጨነቀው እሱ ነውና።

ተቃራኒ ሆኖ የሚገጥም ሰው የሌለባቸው ቦታዎችም አሉ። ኤ ፎርሚደብል ሜሞሪ (የማስታወስ ችሎታ)፣ ኤ ፎርሚደብል ኢንተለክት (አእምሮ) ይባላል። እዚህ ሁለተኛው ወገን ራሱን ከዚያ ሰው ጋር የሚያነጻጽር ማንኛውም ሰው ነው። ዳዊቱን በቃሉ የሚወጣ የቆሎ ተማሪ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

3. አብሮት የሚሄደውን ስም ይምረጡ

ቃሉ ከሁሉም ስም ጋር አይጣመርም። ልማድ ያጸናቸውን ጥንዶች መያዝ ሰዋስው ከማጥናት የበለጠ ይጠቅማል። ለሰውና ለቡድን፦ ኦፖነንት (ተጋጣሚ)፣ ኤነሚ (ጠላት)፣ ራይቫል (ተቀናቃኝ)፣ ቲም (ቡድን)፣ ኔጎሺዬተር (ተደራዳሪ)። ለሥራና ለችግር፦ ቻሌንጅ፣ ታስክ፣ ኦብስታክል (እንቅፋት)፣ ፕሮብሌም። ሰው ላለው ነገር፦ ሬፒዩቴሽን (ስም፣ ዝና)፣ ታለንት፣ ኢንተለክት፣ ስኪልስ። ብዛትን ለማሳየት ደግሞ ኤ ፎርሚደብል አሬይ ኦቭ የሚል አገባብ አለ፤ ተደርድሮ ሲታይ የሚያስደነግጥ ብዛት ማለት ነው፣ የጦር መሣሪያም ይሁን የማስረጃ ክምር።

ከግሦች ፌስ፣ ፖዝ እና ፕሩቭ ይበቃሉ። ዊ ፌስ ኤ ፎርሚደብል ቻሌንጅ፣ «ከባድ ፈተና ተደቅኖብናል» ማለት ነው። ሺ ፕሩቭድ ኤ ፎርሚደብል ኦፖነንት ደግሞ «የዋዛ ተጋጣሚ አለመሆኗን አሳየች»።

የማይጣመርባቸውም አሉ። የማስረከቢያ ቀን ሲያጥር ታይት ደድላይን ይባላል እንጂ ፎርሚደብል አይባልም። ዝናብ ሲበረታ ሄቪ ነው። ቡና ሲወፍር ስትሮንግ ነው። የታመመ ሰው ሕመሙ ሲጠና ሲቪር ወይም ሲሪየስ ነው። እነዚህ ሁሉ በአማርኛ «ኃይለኛ» ስለሚባሉ ነው ስህተቱ የሚመጣው፦ ኃይለኛ ዝናብ፣ ኃይለኛ ቡና፣ ኃይለኛ ሕመም፣ ኃይለኛ ሰው። ከአራቱ ፎርሚደብል የሚጠጋው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ኃይለኛነቱ ቁጣ ብቻ ካልሆነ።

4. አረፍተ ነገር ውስጥ ያስገቡት

እንደ አማርኛ ቅጽል ከስሙ በፊት ይገባል፤ ይህ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከፊቱ መቅደም ያለባት ኤ ናት። የሚቆጠር ነጠላ ስም ከተከተለ ኤ የግድ ናት። «ሺ ኢዝ ፎርሚደብል ሎየር» ስህተት፣ «ሺ ኢዝ ኤ ፎርሚደብል ሎየር» ትክክል። አማርኛ እንዲህ ያለ መስተአምር ስለሌለው ከሁሉም ቀድማ የምትረሳው ይህች ናት። የማይቆጠር ስም ሲመጣ ግን ትቀራለች፦ ፎርሚደብል ስትሬንግዝ፣ ፎርሚደብል ከሬጅ።

ከስሙ ተለይቶ ከግሥ በኋላም ይቆማል። ሀዋሳ ከተማ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በ1996 እና በ1999 ሲያነሳ የነበረውን ቡድን በእንግሊዝኛ መግለጽ ቢፈልጉ፣ «ሃዋሳ ሲቲ ወር ፎርሚደብል አት ሆም» ማለት ይችላሉ፤ በሜዳው የሚፈራ ቡድን ነበር ማለት ነው። እዚህ ጋ ኤ አታስፈልግም፣ ስም አልተከተለምና። በእንግሊዝ የኳስ ቋንቋ ቡድን እንደ ብዙ ቁጥር ስለሚያዝ ነው ወር የተባለው፤ አሜሪካዊ ዎዝ ይላል።

ለማወዳደር ሞር ፎርሚደብል፣ ለማብለጥ ዘ ሞስት ፎርሚደብል ይባላል። ቃሉ ረዥም ስለሆነ በመጨረሻው ላይ «ኧር» ወይም «ኤስት» አይቀጠልበትም። ከፊቱ ትሩሊ ወይም ፓርቲኩለርሊ ቢገባ ያምራል። ቬሪም ትክክል ነው፣ ግን ቃሉ ራሱ ከባድ ስለሆነ ብዙም አይጨምርለትም። መስኩን ለማመልከት ኢን ይበቃል፦ ፎርሚደብል ኢን ዲቤት፣ በክርክር የማይቻል።

አሁን አንድ ስህተት በቅርብ እንየው፤ ተማሪዎች ላይ ደጋግሞ ይታያል። «አይ ኤም ፎርሚደብል ኦቭ ዘ ኤግዛም።» ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ፈተናውን እፈራለሁ» ነው። ያለው ግን «እኔ የምፈራ ነኝ» ነው፤ ፈ ጠብቃ ብትነበብ። የምፈራ (እኔ ሌላውን) እና የምፈራ (ሌላው እኔን) በአማርኛ ጽሑፍ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያቸው ፈ ሲጠብቅና ሲላላ ነው፤ ስለዚህ መደናገሩ አያስገርምም። ማስታወሻ ከፈለጉ ሁለት ቃላት ይያዙ፦ ፈሪ እና ተፈሪ። ፎርሚደብል ሁልጊዜ በተፈሪ በኩል ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከመንገሣቸው በፊት የተጠሩበት ስም፣ ተፈሪ፣ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ ለዚህ ቃል የቅርብ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። የፈሪው ቃል አፍሬይድ ነው፦ አይ ኤም አፍሬይድ ኦቭ ዘ ኤግዛም። ፈተናውን ራሱን መግለጽ ካስፈለገ ደግሞ ዘ ኤግዛም ኢዝ ፎርሚደብል ይሆናል፤ ይህ ትክክል ነው።

5. ከጎረቤቶቹ ይለዩት

ኢንቲሚዴቲንግ ከሚለው ጋር የሚያምታታ የለም ማለት አይቻልም፤ መዝገበ ቃላትም አንዱን በሌላው ይፈታሉ። ልዩነቱ እንዲህ ነው። በር ላይ ቆሞ የሚጮህ፣ ዓይኑን የሚያፈጥ ጥበቃ ኢንቲሚዴቲንግ ነው፤ ያስደነግጣል፣ ከጩኸቱ ጀርባ ግን ምንም ላይኖር ይችላል። ድምፁን ሳያነሳ የጎደለችውን እያንዳንዷን ደረሰኝ የሚያወጣ ኦዲተር ፎርሚደብል ነው። አንደኛው ቃል የተመልካቹን ስሜት ይነግራል፤ ሁለተኛው የባለቤቱን ብቃት ጭምር ይመሰክራል። ስለዚህ ፎርሚደብልን ለጉረኛ መስጠት ስጦታ ነው።

ዶንቲንግ ለሥራ እንጂ ለሰው ብዙ አይውልም፤ ገና ሳይጀመር ልብ የሚያወርድ ሥራ ነው። ስኬሪ ለፊልምና ለሕፃናት ወሬ ይሆናል፤ አክብሮት የለበትም። ፊርስ ትኩስ ነው፣ ቁጣና ግለት አለበት፤ ፎርሚደብል ግን ዝም ብሎ ተቀምጦም ይሆናል። ታፍ የመንገድ ቃል ነው፤ በንግግር ታፍ ኦፖነንት ይባላል፣ በጽሑፍ ሲሆን ፎርሚደብል ኦፖነንት ይከብዳል። ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ሆሪብል እና ቴሪብል ከምርጫዎቹ መካከል ቢያገኝ ይለፋቸው፤ እነሱ መጥፎነትን እንጂ ኃይልን አይናገሩም። ተቃራኒው ሲጠየቅ ፊብል (ደካማ) ወይም ሥራን በሚመለከት ትሪቪያል (ተራ፣ ቀላል) ብዙ ጊዜ ያስኬዳል።

ፈረንሳዮችም ይህ ቃል አላቸው፤ አጻጻፉ ያው ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች የሚሠራ ሰው ፈረንሳዊ እንግዳ ዓሣ ጉላሹን ቀምሶ «ፎርሚዳብል!» ቢለው አይደንግጥ፤ «ግሩም ነው» ማለቱ ነው። ሥሩ አንድ ነው፤ ፎርሚዶ በላቲን ፍርሃት ማለት ሲሆን ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል በ15ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝኛ ገባ። ፈረንሳይኛው ግን ፍርሃቱን ጥሎ አድናቆቱን ብቻ ይዞ ቀረ። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ምግብን ፎርሚደብል ካሉ አብሳዩ ይቀየማል።

6. ለሰው ሲሰጡት ይጠንቀቁ

ስለ ሦስተኛ ሰው ሲነገር ምስጋና ነው። የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ባስነሳው ክርክር የኢጣሊያውን መልእክተኛ አንቶኔሊን ፊት ለፊት የሞገቱትን እቴጌ ጣይቱን ኤ ፎርሚደብል ዉመን ቢሏቸው ቃሉ ቦታውን አግኝቷል። ያም ሆኖ ስለ ሴት ሲነገር አንዳንዴ «ለመቅረብ የምታስቸግር» የሚል ጎን እንዳለው ማወቅ ደግ ነው። አለቃዎን ፊት ለፊት ዩ አር ፎርሚደብል ማለት አይመከርም፤ እያደነቁት ይሁን እየከሰሱት አይለይም።

ስለ ራስ አይነገርም። ሲቪ ላይ «አይ ኤም ኤ ፎርሚደብል አካውንታንት» ብሎ የጻፈ ሰው «እኔ የምፈራ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» እንዳለ ይቆጠራል፤ ቀጣሪው ይስቃል ወይ ይሸሻል። ስኪልድ ወይም ኤክስፒሪየንስድ ይበቃል። ለሌላ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉ ግን ፎርሚደብል አናሊቲካል ስኪልስ ቢሉ ያስከብራል።

መጠኑንም ይቆጥቡ። ለአይልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) የሚጻፈው ሁለተኛው ድርሰት ቢያንስ 250 ቃል ነው፤ በዚያ ውስጥ አንድ ጊዜ በቂው ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ፈታኙ ቃሉን ሸምድደው እንደመጡ ያውቅብዎታል።

7. ወደ አማርኛ ሲመልሱት

አንድ ቋሚ ፍቺ አይፈልጉለት። ስሙን አይተው ይወስኑ። ከጠላት ወይም ከተጋጣሚ ጋር ሲሆን «ብርቱ»፣ «የማይናቅ»፣ «የዋዛ ያልሆነ»። ከሥራና ከችግር ጋር «ከባድ»፣ ሲጠብቅ ደግሞ «ወገብ የሚያጎብጥ»። ከምሽግና ከገደል ጋር «የማይደፈር» ደስ ይላል፣ ግን በመጨረሻ የተደፈረ ከሆነ «በቀላሉ የማይደፈር» ያድርጉት። ከሰው ጋር፣ በተለይ በዕድሜና በሹመት ከገፋ ሰው ጋር፣ «ግርማው የሚያስፈራ» ከሁሉም ይቀርባል፤ ግርማ የሚለው ቃል አክብሮቱንም ፍርሃቱንም ይይዛል። ከአእምሮና ከችሎታ ጋር «የሚያስደንቅ» ብቻውን ይለዝባል፤ «አጃኢብ የሚያሰኝ» ወይም እንደ አገባቡ «ወደር የሚታጣለት» ቢሆን ይሻላል። አሬይ ኦቭ ሲከተለው «እልፍ» ወይም «ቁጥሩ የሚያስደነግጥ» ይሠራል።

«አስፈሪ»ን ጨርሶ መጣል ግን ስህተት ነው። የኳስ ዘጋቢዎቻችን «አስፈሪ የአጥቂ መስመር» ሲሉ ማንም አያጉረመርምም፤ እዚያ ቃሉ ራሱ አክብሮት ለብሷል። በወታደራዊ ጽሑፍም «አስፈሪ ኃይል» ይሄዳል። የሚበላሸው ለብቻው፣ ስም ሳይከተለው ሲቀር ነው፦ «መምህሯ አስፈሪ ናት» ያሉ እንደሆነ ልጆቹ ትምህርት ቤት መሄድ ይጠላሉ፤ «መምህሯ የዋዛ አይደለችም» ቢሉ ግን ወላጅ ልጁን እዚያ ክፍል ለማስገባት ይሰለፋል።

ተውሳከ ግሡ ፎርሚደብሊ ነው፤ የመጨረሻዋ ኢ ትወድቅና በዋይ ይተካል። ብዙ ጊዜ ከሌላ ቅጽል በፊት ይገባል፦ ፎርሚደብሊ ኢንተሊጀንት፣ «አስተዋይነቱ የሚያስፈራ»። ለብቻው ከግሥ ጋር፣ ለምሳሌ «ሂ ፕሌይድ ፎርሚደብሊ» ማለት ስህተት ባይሆንም ጆሮ ላይ ይጎረብጣል፤ ብሪሊየንትሊ ይሻላል።